«ቴክኖሎጂ ለወጠን» ወይስ «በቴክኖሎጂ ተለወጥን»?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የማታ ተማሪ ስሆን በአማርኛ ድርሰቴ ውስጥ «ቴክኖሎጂ የከተማችንን ኑሮ ለወጠው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። መምህራችን በቀይ ሰርዘው «ግዑዝ ነገር ባለቤት ሆኖ አያደርግም፤ ‹በቴክኖሎጂ ተለወጠ› ተብሎ ይጻፍ» አሉኝ። የትኛው ነው ትክክል? በተረፈ፣ ማሽን ተባዕት ነው አንስት?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና አማርኛ ናቸው። መምህርዎ የጠቀሱት ሕግ ግን በቋንቋችን የለም። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ «ብርድ መታኝ» የማይል ማን አለ? «እንቅልፍ ወሰደኝ»፣ «ጎርፉ ድልድዩን ይዞት ሄደ»፣ «ወባ ጣለው» እንላለን። ብርድም፣ እንቅልፍም፣ ጎርፍም፣ ወባም ግዑዝ እንደሆኑ ባለቤት ሆነው ማሰሪያ አንቀጹን ይዘዋል። «ራበኝ» ስንል ደግሞ ያስራበን ማን እንደሆነ ቢጠይቁን መልስ የለንም፤ አማርኛም አይጠይቀንም።

ይህን ካልኩ በኋላ ለመምህርዎ ትንሽ ልከራከርላቸው። ብዕራቸው ያረፈው ሰዋስው ላይ ቢሆንም ቅር ያላቸው የሐሳቡ አካሄድ ይመስለኛል፤ በዚያ ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። ካርል ማርክስ በ1847 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) የእጅ ወፍጮ ባላባት የሚገዛውን ማኅበረሰብ፣ የእንፋሎት ወፍጮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ባለሀብት የሚገዛውን ማኅበረሰብ ይሰጣችኋል ብሎ ነበር። ልብ ይበሉ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ወፍጮው ነው። ከዚያ ወዲህ ፈላስፎች መሣሪያ ታሪክን ይሠራል ወይስ ሰው ነው መሣሪያውን የሚያዘው በሚለው ሲጨቃጨቁ ኖረዋል።

ወፍጮ ከተነሣ የወሎ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ሌሊት ተነሥተው መጅ ሲገፉ ያነጉ የነበሩ እናቶች የሞተር ወፍጮ ሰፈራቸው ሲደርስ ክንዳቸው አረፈ። «ወፍጮ መጣና ሴቶቹን ከመጅ ገላገላቸው» ብንል ማንም አያርመንም። ወፍጮው ግን በእግሩ አልመጣም። ገንዘብ አውጥቶ የገዛው፣ ነዳጁን የሚያመላልስለት፣ የአንድ ኪሎ ማስፈጫ ስንት ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው አለ። «መጣ» የምትለው አንዲት ግስ እነዚህን ሁሉ ከዓይን ትሰውራቸዋለች። ባንክ ሄደው «ሲስተም የለም» ሲባሉም ያው ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ አይዋሽም፤ ነገር ግን ለዚያ ዓረፍተ ነገር ማንን እንደሚወቅሱ አያውቁም። «መብራት ሄደ»ም የዚሁ ዘመድ ነው።

የመምህርዎ እርማት ይህን አያድነውም። «በቴክኖሎጂ ተለወጠ» የሚለው ተደራጊ ግስ ስለሆነ አድራጊውን ይባስ ብሎ ይደብቀዋል። «በ» መሣሪያውን ይነግረናል፤ መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ አይነግረንም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር በ1953 ሙኒክ ላይ ባደረገው ንግግር ቴክኖሎጂን መሣሪያ ነው ማለት ስሕተት ባይሆንም በቂ አይደለም ያለውን ለዚህ ልዋሰው። እርሱ ያሰበው ከሰዋስው በላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ የራሱ ሀብት አለው፤ እኔ ድርሰትዎን ባርም የምፈልገው እርሱን ነው። ግሳችን ጫፍ ላይ «ልን» እና «ብን» እንቀጥላለን። «አዲስ ማሽን መጣልን» እና «አዲስ ማሽን መጣብን» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ግን የሰው እንጀራ አለ። እዚያው እናንተ ከተማ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዲስ መፍተያ አስገባ እንበል። ሥልጠና የተሰጠው ቴክኒሻን «መጣልን» ይላል፤ ቦታውን ማሽኑ የያዘበት ሠራተኛ «መጣብን» ይላል። ማሽኑ አንድ ነው፤ የገባውም በአንድ በር ነው።

አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ፈላስፋ ላንግደን ዊነር በ1980 ይህንኑ በቲማቲም አሳይቷል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቲማቲም መሰብሰቢያ ማሽን ሠሩ፤ ማሽኑ ሲያንገላታው እንዳይፈርጥ ቲማቲሙ ራሱ ጠንካራ ሆኖ እንዲወጣ ተዳቀለ። ማሽኑ ውድ ስለነበር ያዋጣው ለሰፋፊ እርሻዎች ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 4,000 ገደማ የነበሩት ቲማቲም አምራቾች በ1973 ወደ 600 ገደማ ወረዱ፤ በእጃቸው የሚለቅሙ ብዙ ሠራተኞችም ሥራ አጡ። ምርቱ ግን ጨመረ። ለትልልቆቹ መጣላቸው፣ በትንንሾቹና በለቃሚዎቹ መጣባቸው። ዊነር ብዙ ገጽ የፈጀበትን ነገር የወሎ ገበሬ በሁለት ቅጥያ ይጨርሰው ነበር!

የ«በ»ን ነገር ካነሣን አንድ ጉድ ልጨምርልዎ። «መጥረቢያውን አዋሰኝና እንጨት ፈለጥኩበት» ሲሉ «በት» መሣሪያነትን ያሳያል። «ሳላስፈቅደው እንጨቱን ፈለጥኩበት» ሲሉ ግን ያው «በት» ጉዳትን ያሳያል፤ የተጎዳውም የእንጨቱ ጌታ ነው። መሥሪያውንና መጎጃውን በአንድ ቅጥያ የሚያስር ቋንቋ ይዘን ነው ስለ ቴክኖሎጂ የምንጽፈው። ስለዚህ «በት» ስትጽፉ የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ከዐውዱ ይለይ።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ብጽፈው ባለቤቱን ግዑዝ እንደሆነ እተወውና ማን እንዳመጣው ጨምሬ ጭራውን አረዝመዋለሁ፦ «ባለሀብቶች ያስገቧቸው ማሽኖች የከተማችንን ኑሮ ለወጡት፤ ለአንዳንዱ ሥራ ከፈቱለት፣ በሌላው ላይ ዘጉበት።» ይህን የሚሰርዝ መምህር ካለ ይጻፍልኝ።

ስለ ጾታው፦ «ማሽን» ሲጻፍ ተባዕት ነው፣ «ማሽኑ ቆመ»። አንስት የምናደርገው ስናሳንሰው ወይም ስንወደው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሾፌር መኪናውን «እሷ» ቢላት ፍቅር ነው፣ ስሕተት አይደለም። ድርሰት ላይ ግን አንዱን መርጠው ይጽኑ፤ በመጀመሪያው መስመር «ማሽኑ» ያሉት በሦስተኛው «ተበላሸች» እንዳይሆን።