«ቀረጥ የለም» ላሉህ፦ የእኔን ስህተት አትድገም

ወንድሜ፣ እንግሊዝ አገር ትንሽ የብረት ዎርክሾፕ እንዳለህ፣ ከጀርመን ትዕዛዝ እንደመጣልህ ጽፈህ «እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ አምራቹን ጎዳው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፖለቲካ ወሬ? ስምምነቱ ላይ ቀረጥ የለም አይደል?» ብለሃል። እኔ በርሚንግሃም አካባቢ ሠላሳ ሰው የማይሞላ የቫልቭ ፋብሪካ ውስጥ የኤክስፖርት ክፍሉን ይዣለሁ። ክፍል ስልህ እኔና አንድ ኮምፒውተር ነን። የኢኦሪ ቁጥር (ጉምሩክ ላኪና አስመጪን የሚመዘግብበት ቁጥር) ማውጣትና የዕቃ ኮድ መፈለግን ራስህ ትደርስበታለህ፣ በዚያ አላደክምህም።

1. «ቀረጥ የለም» ግማሽ እውነት ነው። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) መጨረሻ ከኅብረቱ ጋር የተፈረመው የንግድ ስምምነት ቀረጥ የሚያነሳው ዕቃው የእንግሊዝ ወይም የኅብረቱ ስሪት መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። ከእንግሊዝ ስለተጫነ የእንግሊዝ ስሪት አይሆንም። እኔን ያቃጠለኝ ይህችው ናት።

ያኔ የቫልቩን አካል ከቻይና እናስመጣለን፣ እዚህ እጀታውንና ጎማውን እንገጥምለታለን፣ እናሽጋለን፣ እንልካለን። በ2021 መጀመሪያ የጉምሩክ አስተላላፊያችን አንድ አንቀጽ ላከልኝና «ኢንቮይሱ ላይ ለጥፋት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ለጠፍኩ። ያቺ አንቀጽ «ይህ ዕቃ የእንግሊዝ ስሪት ነው» የሚል የእኛ መግለጫ እንደሆነች ሳላስተውል ከሥሯ ስሜን ጻፍኩ። ከዓመት በኋላ የጀርመኑ ደንበኛችን ጉምሩክ ማስረጃ ጠየቀው፣ እሱም እኔን ጠየቀኝ። ስምምነቱን ከፍቼ ሳነብ ማሸግ፣ ምልክት መለጠፍና ተራ ገጣጠማ ስሪት እንደማይለውጡ በግልጽ ተዘርዝሯል። አስተላላፊው ጋ ስደውል «እኛ የሰጣችሁንን ነው የሞላነው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። በወሩ መጨረሻ ለዚያች የስልክ ጥሪ የምክር አገልግሎት ብሎ ሂሳብ ላከልን። አልቀለድኩም።

ቀረጡ ራሱ ከ3 በመቶ በታች ነበር። ደንበኛው የከፈለውን መለስንለት፣ ያ አልጎዳንም። የጎዳን ደንበኛው ራሱ መሄዱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሮን የሠራ ሰው «ከጣሊያን ሳዝ ማክሰኞ ተነሥቶ ሐሙስ ይደርሳል፣ ወረቀትም የለው፣ ዋጋችሁ ቢሻልም እናንተን መጠበቅ አልችልም» አለን። ተወዳዳሪነት ሲባል ሁሌ ዋጋ ይመስለኝ ነበር።

2. ምርታማነት። የመንግሥትን በጀት የሚገመግመው ነጻ መሥሪያ ቤት፣ አገሪቱ ኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ከምትደርስበት ጋር ሲነጻጸር ምርታማነት በረጅም ጊዜ በ4 በመቶ፣ ወጪና ገቢ ንግዱም በ15 በመቶ ያንሳል ብሎ ነው የገመተው። ኢኮኖሚስቶች ይከራከሩበት፣ ኮቪድም በዚያው ሰሞን ገብቶ ነገሩን ደባልቆታል። እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ለሁለት ካርቶን የሚሞላው ዲክላራሲዮን ለሙሉ መኪና ከሚሞላው አያንስም። ስለዚህ ትንንሾቹን የቤልጂየምና የኦስትሪያ ደንበኞች አንድ በአንድ ተውናቸው። እነሱ ሲቀሩ ለእነሱ የምንሠራቸው ዓይነቶች ቀሩ፣ ማሽኑም በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ቆሞ ይውላል። የማሽኑ ወጪ ግን አይቆምም፣ በቀሩት ቫልቮች ላይ ይከፋፈላል። ማሽኑን የሚያስተካክለው ፖላንዳዊም አገሩ ገባ። ድሮ እሱን የሚተካ ሰው በሳምንት ይገኝ ነበር፣ ከ2021 ወዲህ ግን ቪዛና ስፖንሰር የሚባል ጣጣ አለው።

ከሁሉ የባሰው ግን ሳይገዛ የቀረው ማሽን ነው። አለቃችን በ2016 አዲስ በኮምፒውተር የሚሠራ ብረት የሚጠርብ ማሽን ሊገዛ ዋጋ አስጠይቆ ነበር። ሰኔ ላይ ከኅብረቱ የመውጣቱ ሕዝበ ውሳኔ መጣ። «ውሉ ይለይለት» አለ። ውሉ ሳይለይ አራት ዓመት ተኩል አለፈ! በዚያ ሁሉ ጊዜ በአሮጌው ማሽን በሰዓት ያንኑ ያህል ስናወጣ ኖርን፣ ጣሊያኖቹ ግን ማሽን ቀያየሩ። አሁን ወረቀቱን ሁሉ ለምደነዋል፣ ያ ጊዜ ግን አይመለስም።

3. ፓውንድ ሲወርድ ለላኪ ይጠቅማል ይሉሃል። እኛም በሕዝበ ውሳኔው ማግስት ዕቃችን ረከሰ ብለን ሻይ ተገባብዘን ነበር። ናሱም የቻይናው አካልም በዶላር እንደሚገዛ ትዝ ያለን የሚቀጥለው ትዕዛዝ ሂሳብ ሲመጣ ነው።

4 ብዬ የደረጃ ምልክቱን ልጽፍልህ ነበር፣ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ዕቃው የደኅንነት ደረጃውን ማሟላቱን በሚያሳየው በአውሮፓው ሲኢ ምልክት ፈንታ ዩኬሲኤ የሚባል የራሳችን ምልክት ግዴታ ይሆናል ተባለ። ቀኑ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። እኛ ቀድመን እንዘጋጅ ብለን ማተሚያውን አስቀረጽን፣ ለፍተሻም ከፈልን። ነሐሴ 2023 ላይ መንግሥት የድሮው ምልክት ላልተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል አለ። ማተሚያው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፣ ከፈለግህ በነጻ እሰጥሃለሁ።

አንተም ዕቃህ ላይ የሚገጠም ክፍል ከውጭ ታስመጣለህ ብዬ ነው የምገምተው፣ ማን የማያስመጣ አለ። ዋጋ ከመስጠትህ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ከየት እንደመጣ ከአቅራቢው በጽሑፍ ተቀበል። መግለጫውን ከሰጠህ ማስረጃውን አራት ዓመት አስቀምጥ፣ ጠያቂው ረስተኸው ነው የሚመጣው። ጀርመን ጠረፍ ላይ ጉምሩኩን የሚጨርሰው ማን እንደሆነም ውሉ ላይ አስፍር። እኛ «እስከ በርህ እናደርሳለን» ብለን ፈርመን እዚያ አገር ለቫት መመዝገብ ግድ ሆኖብን ነበር፣ እሱን ሌላ ቀን አጫውትሃለሁ።

በ2023 ለአለቃዬ አንድ ገጽ ሂሳብ ሠርቼ አሳየሁት፦ አካሉን ከቻይና ትተን እዚሁ ከናስ ዘንግ ብንጠርበው ስሪቱ ያለክርክር የእኛ ይሆናል። ያ ሲጠበቅ የነበረው ማሽን በመጨረሻ የተገዛው በዚያች ገጽ ነው። አንዱ ቫልቭ ከበፊቱ ትንሽ ውድ ነው፣ ግን አንድ የኔዘርላንድ ደንበኛ በየሁለት ሳምንቱ ይወስድልናል፣ እስካሁንም አንድም ጥያቄ አልመጣም። መግለጫው ሥር ያለው አሁንም የእኔ ስም ነው።

የምታስመጣቸውን ክፍሎችና የዕቃ ኮዳቸውን ጻፍልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ። ለጀርመኑ ግን እስከዚያ «ቀረጥ የለውም» ብለህ አትጻፍለት።