ኩላሊቴን ብሸጥ ማንን በደልኩ?

ጥያቄ፦ በፍልስፍና የውይይት ክበባችን ኩላሊትን ስለ መሸጥ ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሻጩ አዋቂ ሰው ነው፤ ታማሚው ኩላሊት ካላገኘ ይሞታል፤ ሁለቱም ተስማምተዋል። ታዲያ ሕግ ምን አገባው? ጓደኛዬ ግን «ፈላስፋው ካንት ይከለክላል» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እውን በካንት ስም ክርክር ይዘጋል? ደግሞስ ኩላሊቱን በነጻ ለሰጠ ሰው ከሥራ በመቅረቱ ያጣውን ደመወዝ መተካት እንደ ሽያጭ ይቆጠራል?
(ክርክሩ ያልወጣለት አንባቢ)

መልስ፦ በቅድሚያ ጓደኛዎን ላስቀይም ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር ሥራ፣ በሌላ ሰው አፍ እንዲተከል ጥርስን መሸጥ ራስን በከፊል እንደ መግደል ነው ብሏል። ይህን ሲጽፍ አልተራቀቀም፤ በዘመኑ የድሆች ጥርስ እየተነቀለ በባለጸጎች ድድ ላይ ይተከል ነበር። ጓደኛዎ ያልነገሩዎት ግን ካንት በዚያው ቦታ ጥርስን በነጻ መስጠትንም ከመሸጥ እኩል ማውገዙን ነው። እንግዲህ ፍርዱን እንዳለ የሚቀበል ሰው፣ ለእህቱ ኩላሊቱን የሚሰጠውን ወንድም ጭምር ሊኮንን ነው። ጓደኛዎ እዚያ ድረስ የሚሄዱ አይመስለኝም። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቦስተን ከተማ በመንታ ወንድማማቾች መካከል የተደረገው በ1954 ነው፤ ካንት ያላየውን ነገር እንዲፈርድልን መጠየቅ አይገባም። ሰው ዋጋ እንደሚወጣለት ዕቃ አይደለም ያለውን ግን እኔም እይዝለታለሁ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የእርስዎ ክርክር አባት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ነው፦ ኅብረተሰቡ አዋቂን ሰው በግድ ሊከለክል የሚችለው ሌላውን በሚጎዳበት ጊዜ ብቻ ነው ብሎ በ1859 ጽፏል። ያው ሚል አንድ ሰው ራሱን ለባርነት መሸጥ አይችልም ማለቱን ጠቅሼ ልረታዎ እችል ነበር፤ ነገር ግን ርካሽ ድል ይሆንብኛል። በአንድ ኩላሊት የሚኖር ሰው ባሪያ አይደለም፤ ነጻነቱም አብሮት አለ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ «ሁለቱም ተስማምተዋል» የሚለው ቃልዎ ነው። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ቼናይ ከተማ ኩላሊታቸውን የሸጡ 305 ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። ከመቶ 96ቱ የሸጡት ዕዳ ለመክፈል ነው። ከሽያጩ በኋላ የቤተሰባቸው ገቢ በአማካይ በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል፤ ከመቶ 79ኙ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሸጥ አይመክሩም። እርስዎ «ሕንድ ሽያጩን በ1994 ስለከለከለች ነው፤ ሕጋዊ ቢሆን ደላላ ባልበዘበዛቸው» እንደሚሉ ይታየኛል። ተገቢ መልስ ነው። ኢራን ከ1988 ጀምሮ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ክፍያ ፈቅዳለች፤ ኩላሊት የሚጠብቁ ሕሙማን ወረፋም በእጅጉ አጥሯል። እዚያም ቢሆን የሚሸጡት በአብዛኛው ድሆች ናቸው።

እስቲ ደግሞ መሸጥ የማይፈልገውን ሰው ያስቡልኝ። ስለ እሱ ሁላችንም እንረሳለን። ዛሬ ባለዕዳው አበዳሪው በር ላይ ሲቆም «ምንም የለኝም» ማለት ይችላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ኩላሊት በሕግ የሚሸጥ ንብረት በሆነ ማግስት ግን አበዳሪው «አንድ የቀረህ ነገር አለ» ይለዋል። ብድር ሲሰጥም ያንኑ እንደ መያዣ ያሰላዋል። ሚስት ባሏን፣ አባት ልጁን በዚያ ዓይን ማየት ይጀምራሉ፤ እምቢ ያለውም ለምን እምቢ እንዳለ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ፈላስፋዋ ዴብራ ሳትስ ይህን የመሰለ መከራከሪያ አቅርባለች፤ እኔንም ያሳመነኝ እሱ ነው። የአንዱ የመሸጥ ነጻነት የሌላውን ያለመሸጥ ነጻነት ካሳጠረ፣ በሚል በራሱ ሚዛን እንኳ ሌላ ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ ሽያጩ ይከልከል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ከልክሎ እጅን ታጥቦ መሄድ ግን አይቻልም። የድሃውን የመጨረሻ አማራጭ ወስደንበታል፤ ታማሚውንም አልጋው ላይ ትተነዋል። በተለይ የእኛ ወገን ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ማለት ይወዳሉ፤ ያናድደኛል። አንዱ መውጫ ልውውጥ ነው፦ የእኔ ኩላሊት ለባለቤቴ ሳይስማማ ለእርስዎ ባለቤት ቢስማማ፣ የእርስዎም ለእኔ ባለቤት ቢስማማ፣ ገንዘብ ሳይነካ ሁለት ሰው ይድናል። ይህን የማዛመድ ዘዴ ከቀመሩት አንዱ የሆነው አልቪን ሮዝ በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የሚቀጥለው የክበባችሁ ክርክር በዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ስለ ደመወዙ፦ መተካት ሽያጭ አይደለም። የምመዝንበት ጥያቄ አጭር ነው፦ ሰውየው ከሰጠ በኋላ ከመስጠቱ በፊት ከነበረው በላይ ገንዘብ ያዘ ወይ? የትራንስፖርቱና ከሥራ የቀረበት ቀን ብቻ ከተመለሰለት አልያዘም፤ ዕዳ ያለበትም ሰው በዚህ አይሳብም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ሒሳቡ እያንዳንዱ ሰው ባጣው ልክ ይሠራ እንጂ ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ገንዘብ አይሁን፤ ለባለ ትልቅ ደመወዝ ማካካሻ የሆነው ያው ገንዘብ ለቀን ሠራተኛው የኩላሊቱ ዋጋ ይሆንበታል።