ለአባቴ ደረሰው የተባለው የአሜሪካ ሎተሪ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አባቴ ጡረተኛ ነው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም “ስልክ ቁጥርዎ በፓወርቦል ተመርጦ 850,000 ዶላር ደርሶዎታል” የሚል መልእክት መጣለት። “የአሜሪካ ብሔራዊ ሎተሪ” የሚል ማህተም ያለበት ወረቀትም ላኩለት። ገንዘቡ እንዲለቀቅለት ግን መጀመሪያ 45,000 ብር ታክስ መክፈል አለብህ አሉት። ማጭበርበር ነው ስለው “ታክስ የሌለበት አገር የት አለ?” ይለኛል። ጭራሽ ሊበደር ነው። ምን ብዬ ላስረዳው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ማስረዳቱ ይደርሳል፤ በቅድሚያ ያ ብር እንዳይላክ አድርጊ። ማጭበርበር ነው፣ አትጠራጠሪ።

አባትሽ ስለ ታክስ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሎተሪ ሽልማት ታክስ አለው። ግን ታክሱ የሚነሳው ከሽልማቱ ላይ ነው። ትልቅ ሽልማት ሲሆን ለፌዴራል መንግሥት ከነዋሪ 24 በመቶ፣ ነዋሪ ካልሆነ የውጭ ዜጋ ደግሞ 30 በመቶ ተቀንሶ ይቀርና ባለዕድሉ የተረፈውን ይወስዳል። ስፔንም ከ40,000 ዩሮ በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ ይቆረጣል፤ እሱም ከራሱ ከሽልማቱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የሎተሪ ሽልማት ጭራሽ ታክስ የለበትም። እኛም አገር ቢሆን ተቀንሶ ነው የሚከፈለው። ሽልማት ለመውሰድ ከኪስ አውጥተህ ቀድመህ ላክ የሚል ትክክለኛ ሎተሪ የለም።

ወረቀቱን ደግሞ እንየው። አሜሪካ “ብሔራዊ ሎተሪ” የሚባል መሥሪያ ቤት የላትም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሎተሪ በራሱ ሕግ ያካሂዳል፣ ፓወርቦልን በጋራ ይሸጣሉ። አላባማ፣ አላስካ፣ ሃዋይ፣ ዩታ እና ኔቫዳ ግን የግዛት ሎተሪ የላቸውም (አዎ፣ የቁማር ከተማዋ ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ!)። ያሸነፈ ሰው ትኬቱን ይዞ የሚሄደው ትኬቱ ወደተሸጠበት ግዛት ሎተሪ መሥሪያ ቤት ነው።

ትኬቱን ይዞ ነው ያልኩት። ፓወርቦል በስልክ ቁጥር ዕጣ አያወጣም። ሰው 2 ዶላር ከፍሎ ትኬት ይቆርጣል፣ ከ69 ቁጥሮች አምስት፣ ከሌላ 26 ደግሞ አንድ ይመርጣል። ስድስቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው፣ ያውም ለቆረጠ ሰው። ስለዚህ አባትሽን ቀስ ብለሽ “አባዬ፣ ትኬቱን የት ቆረጥከው?” በይው። ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይቺ ጥያቄ ትሠራለች ብዬ አምናለሁ።

አባትሽ ማመናቸው ግን አይገርመኝም። ዲቪ የለመድን ሕዝብ ነን፤ አሜሪካን ሳይረግጡ የአሜሪካ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። አጭበርባሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ዲቪም ቢሆን ፎርም ላልሞላ ሰው አይወጣም። የሞላውም ቢሆን በኢሜይል ወይም በስልክ “ደርሶሃል” አይባልም፣ በማረጋገጫ ቁጥሩ ራሱ ገብቶ ያያል፣ የቪዛውንም ክፍያ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ኤምባሲ ነው የሚከፍለው። በቴሌግራም ለመጣ ሰው ሒሳብ አያስገባም።

ሰው ፊት ግን እንዳታሳፍሪያቸው። ያፈረ ሰው ይደብቃል፣ ደብቆም ይልካል።

ምናልባት ቀድመው የላኩት ነገር ካለ ዛሬውኑ ባንካቸው ሂዱና አሳውቁ፣ ለፖሊስም አመልክቱ። መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ማስረጃ ናቸው። የመታወቂያ ፎቶ ወይም የሚስጥር ቁጥር ሰጥተው ከሆነም ለባንኩ ንገሩ። ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው “የተወሰደብዎትን ብር አስመልሳለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ” ብሎ ሊደውል ይችላል። ብዙ ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ስልኩን ዝጉት።