«ባሌ ከመንገድ አመጣብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ከባለቤቴ ጋር 12 ዓመት ኖረናል። ከአራት ወር በፊት ጤና ጣቢያ ተመርምሬ «ኤችፒቪ አለብሽ» ተባልኩ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከመንገድ ይዞብኝ መጥቶ ይሆን? በቀጠሮዬ አልሄድኩም። ወይባ እየሞቅኩ ነው፤ አሞክሳሲሊንም ገዝቼ ጨርሻለሁ። አንዳንዴ ከግንኙነት በኋላ ትንሽ ደም አያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ኤችፒቪ በግንኙነት የሚተላለፍ፣ ሲቆይ የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ተገኘብሽ እንጂ ካንሰር ይዞሻል አልተባልሽም። ግንኙነት የጀመረ አብዛኛው ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ በዕድሜው አንዴ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ቢቆይ እንኳ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ ካለ ግን ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ተመርመሩ።

ስለ ባልሽ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው። ይህ ቫይረስ ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ይቀመጣል። ከጋብቻችሁ በፊት ከሱም ካንቺም ሊመጣ ይችል ነበር። መቼና ከማን እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። ወረቀቱን ይዘሽ ባልሽን ብትከሺው፣ ወረቀቱ አይመሰክርልሽም።

ደሙን ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አደረግሽው። እኔ ደግሞ ደብዳቤሽን ሳነብ ደንግጬ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም የወር አበባ አይደለም። «ትንሽ ነው» አይባልም። የውስጥ ልብስ ላይ አንድ ጠብታ ብትሆንም በሐኪም መታየት አለባት። «አያመኝም» ብለሽም አትጽናኚ፤ የማህፀን በር ካንሰር ሲጀምር አያምም። ሕመሙና መጥፎ ሽታው እስኪመጣ ጠብቀው የመጡ እናቶችን አይቻለሁ፤ ያኔ ሕክምናው ይከብዳል። ያንቺ ቀላል ቁጣ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። ሳያይ «ቀላል ነው» የሚልሽን ሰው ግን አትመኚው።

ወይባ የእናቶቻችን ነው፣ አልነቅፈውም። ማህፀን በር ላይ ያለን ቫይረስ ግን ጭስ አያጠፋውም። አሞክሳሲሊንስ ማን አዘዘልሽ? የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስን አይነካም። እህቴ፣ አራት ወር እኮ ነው!

ምርመራው አያስፈራም። ባለሙያዋ የማህፀን በርሽን አቼቶ በነካ ጥጥ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ታየዋለች። ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ፣ ቅድመ ካንሰር (ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ) ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት እዚያው ይታከማል። ማህፀን አይወጣም። አንቺ ግን ደም ስላለሽ ሐኪም ይይሽ፤ ካስፈለገ ናሙና ይወሰዳል። እዚያው ካልተቻለ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ነይ፤ ሩቅ አይደለም። የዛሬ ወር ሳይሆን በዚህ ሳምንት። ባልሽም መንገድ ካልወጣ አብሮሽ ይምጣ።