ሰማያዊ ክኒን አግኝታ ለጠየቀችን እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅሁ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ሥራም አልሠራሁ፣ አፑን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። የ19 ዓመት ልጅሽን ጃኬት ልታጥቢ ስታነሺ ኪሱ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለሉ 3 ሰማያዊ ክኒኖች አገኘሽ። አባቱ "ትኬት ይቆረጥለት፣ አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ሄዶ ሰው ሆኖ ይመጣል" አለ። አንቺ ደግሞ "ልላከው ወይስ ይቅር?" ብለሽ ጠየቅሽን። ከሥር የተጻፈልሽን ሁሉ አየሁ። ፖሊስ ጥሪ ያለሽ አለ፣ ስልኩን ንጠቂው ያለሽ አለ፣ ዓይነ ጥላ ነው ያለሽም አለ። ብዙው ሰው ግን "ላኪው" ነው ያለሽ።

እኔ ልኬ ነበር።

ልጄ የሞተው በፈረንጆቹ 2022 ነው። 21 ዓመቱ ነበር። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ "ልቡ ነው" አልን። አልን ስልሽ፣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እናቱ ዝም ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እንግዲህ ይሄን በስሜ ባልጽፈውም እዚህ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ ግድ የለም።

መጀመሪያ ስለ ክኒኑ። በአንድ በኩል "ኤም" የሚለው የፈረንጅ ፊደል፣ በሌላው በኩል 30 ቁጥር ካለበት ኦክሲኮዶን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንዲመስል የተሠራ ነው። ልጆቹ ፐርክ ወይም ብሉስ ይሉታል፣ በስናፕቻት ያዙታል፣ እንደ ፒዛ በር ድረስ ይመጣላቸዋል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ከፋርማሲ የወጣ አይደለም። ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል ይበረታል፣ 2 ሚሊግራም ሰው ሊገድል ይችላል። የእርሳስ ጫፍ ላይ የምትቀር ዱቄት ማለት ናት። የሚያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ እኩል አድርገው አያዋህዱትም። በደንብ ያልተማሰለ ወጥ አስቢ፣ አንዱ ጉርሻ አልጫ፣ አንዱ ጉርሻ እሳት። ከአንድ ከረጢት ትናንት የወሰደው ምንም ላያደርገው ይችላል፣ ዛሬ የሚወስደው ግን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ "ሱሰኛ ሆኗል ወይስ ሊሞክር ነው?" የሚለው ጥያቄ ለዛሬ ማታ ይቆይሽ። የሚሞክረውም ይሞታል።

ምልክቱን እንዴት አላየህም ትይኝ ይሆናል። አይቼዋለሁ እኮ። ወጥ ቤት ያለው ፎይል ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ባለቤቴን "ይሄን ሁሉ ምን ትሠሪበታለሽ?" እላት ነበር። አንድ ቀን ቤዝመንት ሶፋው ሥር መሃሉ ላይ ቡናማ መስመር ያለበት ቁራጭ ፎይል አገኘሁ። አጣጥፌ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። የቸኮሌት መስሎኛል። ክኒኑን ፎይል ላይ አድርገው ከሥር እያቃጠሉ ጭሱን በቱቦ እንደሚስቡት ማን ነግሮኝ? ራት ላይ እንጀራው እጁ ላይ እንዳለ ያንቀላፋል። "ኮሌጁ ከብዶት ነው" አልን፣ እናቱ አጃ እያፈላች ታጠጣው ነበር።

አንድ ጊዜማ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ረጅም ነገር ነገረን። የምታስተረጉምልን የ14 ዓመት ልጄ ነበረች። "ደክሞታል፣ ውሃ ይጠጣ፣ እረፍት ያድርግ ነው የሚለው" አለችን። ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ያወራውን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፣ እኔም አልገረመኝም። ወንድሟን መሸሸጓ ነበር። እውነቱን የነገረችን ከወር በኋላ እያለቀሰች ነው። ስለዚህ የትም ስትሄጂ "የአማርኛ አስተርጓሚ" በያቸው። ሆስፒታሉ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ በስልክም ቢሆን። ልጅን በልጅ አታስተርጉሚ።

ያኔ ነው እኛም እንደ ባለቤትሽ ትኬት የቆረጥነው። እንዴት እንደላክነው ልንገርሽ። "አያትህ ታማለች" ብዬ ዋሸሁት። እዚያ ሲደርስ ወንድሜ ፓስፖርቱን ወሰደበት፣ እኔ ነኝ ውሰድበት ያልኩት። ይሄን ስጽፍ አፍራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲያልበው፣ ሲያስመልሰው፣ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ቤተሰቡ ወባ ነው ብሎ ነበር። ለእነሱም እውነቱን አልነገርኳቸውማ! "ትንሽ ጓደኛ አበላሽቶታል" ነው ያልኳቸው። ምን ብለው ሐኪም ጋ ይውሰዱት?

እንዲያም ሆኖ ተሻለው። ከእናቴ ጋር ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዶ ሁለት ሱባኤ ያዘ። ፎቶ ላኩልን፣ ጉንጩ ሞልቷል። አማርኛው ተፈታ። አንድ ቀን ደውሎ "አባዬ፣ አንተስ ደህና ነህ?" አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እነዚያን 8 ወራት አልረግማቸውም፣ በስልክም ቢሆን ልጄን ያገኘሁባቸው ናቸው። የአዲስ አበባ መንገድ ንጹሕ ነው ብለሽ ግን አታስቢ፣ እዚያም ትራማዶሉም ጫቱም ሺሻውም አለ፣ ዶላር ከሚላክለት ልጅ ጋር ደግሞ ሁሉም ጓደኛ ነው።

ተመለሰ። ኤርፖርት አበባ ተይዞ ነው የተቀበልነው፣ ቤት ድግስ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊት ሥራ ስገባ ሻወር ቤት ውሃ ይወርዳል። ልብሴን ቀየርኩ። ሻይ ጣድኩ። ውሃው ይወርዳል። ሻዩን ቁጭ ብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ነው በሩን ያንኳኳሁት።

የቀረውን አልጽፍም።

ምክንያቱን አንድ ሐኪም ያስረዳኝ በኋላ ነው። ሰውነት ይሄን ነገር በለመደው ቁጥር መሸከም ይችላል። ሲያቆም ደግሞ ያ የመሸከም አቅሙ ይጠፋል፣ ለዚያ ወር እንኳ አያስፈልገውም። ልጁ ግን የሚያስታውሰው የድሮውን መጠን ነው። ከእስር ቤት የወጡ፣ ማገገሚያ ማዕከል ቆይተው የወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱት ለዚህ ነው። የእኔም ልጅ ለሞት በጣም የቀረበው እኛ "ተመስገን፣ ዳነልን" ባልንበት ሰሞን ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ለመጠየቅ መጀመሪያ ምን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ።

ስለዚህ አትላኪው። ቢያንስ አሁን፣ በውሸትና በጥድፊያ፣ ሐኪም ሳያየው አትላኪው።

ዛሬ የምታደርጊው ሌላ ነው። ናርካን ግዢ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ፣ በፌንታኒል ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልስ መድኃኒት ነው። ከ2023 መስከረም ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መደርደሪያ ላይ ይሸጣል፣ ሁለት የያዘው ፓኬት ያኔ ሲጀምር 45 ዶላር ገደማ ነበር። ሜሪላንድ ነኝ ብለሻል፣ የካውንቲሽ ጤና ቢሮ በነፃ ይሰጥሻል፣ ማን ሊወስደው ነው ብሎ አይመረምርሽም። ያኔም፣ ልጄ በሕይወት እያለ፣ ፋርማሲ ጠይቆ ማግኘት ይቻል ነበር። እኔ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ስትጠሪው ካልመለሰ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም የሚንኮረኮር ማንኮራፋት ከሰማሽ ደረቱን መሃል ላይ በጣትሽ አንጓ አጥብቀሽ ፈትጊው። ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል ይላሉ፣ በእኛ ቆዳ ግን አመድ ነው የሚመስለው፣ የከንፈሩን ውስጥና ጥፍሩን እይ። ካልነቃ 911 ደውዪ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው። በጀርባው አስተኝተሽ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጊ፣ የናርካኑን ጫፍ አንዱ አፍንጫው ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገብተሽ ከሥር ያለውን ተጫኚው። አስቀድመሽ አትሞክሪው፣ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚረጨው። ካልተነፈሰ በአፉ ትንፋሽ ስጪው። በ2 ወይም 3 ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫው። ሲነቃ በጎኑ አስተኚው፣ ሊያስመልሰው ይችላል፣ ሊሳደብም ይችላል። "አሁን ደህና ነኝ፣ አምቡላንሱን መልሺ" ቢልሽ እንዳትሰሚው፣ ናርካኑ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚሠራው፣ ሲያልቅ መልሶ ሊወድቅ ይችላል። ፌንታኒል ባይሆንስ ብለሽ አትፍሪ፣ ያልወሰደን ሰው አይጎዳም።

ፖሊሱን ስለፈራችሁት፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም ሰው ለማዳን ለደወለና ለታመመው ሰው ከለላ የሚሰጥ ሕግ አላቸው፣ ለራሱ በያዘው ነገር እንዳይከሰስ። ለሻጭ አይሠራም። ሌላው የምፈራልሽ ወረቀቱን ነው። ልጅሽ ዜጋ ካልሆነ በዕፅ ጉዳይ ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ አያድርገውና፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም ጥፋት እንዳያምን።

ከዚያ ልጁን አናግሪው። ቤት ውስጥ አባቱ ቆሞ እናቱ እያለቀሰች አይሆንም፣ እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው በሩን የዘጋብኝ። መኪና ውስጥ ይሻላል። ሁለታችሁም ወደ ፊት ታያላችሁ፣ ዓይን ለዓይን አትገናኙም፣ መውጫም የለውም። "ክኒኑን አገኘሁት። ይሄ ነገር እንደሚገድል አውቄያለሁ። ፈርቻለሁ።" በቃ። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ቻዪው። ናርካኑንም አሳዪው፣ የት እንዳስቀመጥሽው ይወቅ፣ እህት ወንድሞቹም ይወቁ። "ማበረታታት አይሆንም ወይ?" ይልሻል ባለቤትሽ። መኪና ውስጥ ቀበቶ ስለታሰረ ማንም ሊጋጭ አይነዳም።

የለመደው ከሆነ ሕክምና አለው። ቡፕረኖርፊን ይባላል፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሳቦክሶን በሚለው ስሙ ነው፣ ምላስ ሥር የሚደረግ። ድሮ ልዩ ፈቃድ ያለው ሐኪም ብቻ ነበር የሚያዘው፣ በ2023 መጀመሪያ ያ ፈቃድ ቀርቷል፣ ስለዚህ የራሱን ሐኪም ጠይቂ። "ሱስን በሱስ" የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔም ብያለሁ፣ አንድ ነርስ ልትነግረኝ ስትሞክር አቋርጫት። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን ሲወጋ ሱሰኛ ነው እንላለን እንዴ? አንድ ነገር ግን፣ 19 ዓመቱ ስለሆነ ሐኪሙ ካለ ልጅሽ ፈቃድ ምንም አይነግርሽም፣ "ለእናቴ ንገሩ" ብሎ የሚፈርመው ወረቀት አለ፣ እንዲፈርም ለምኚው። የት እንደምትጀምሪ ከጠፋብሽ 1-800-662-4357 የሚባለው የመንግሥት የእርዳታ ስልክ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ በነፃ ነው።

ጸበሉን አልቃወምም፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ልጄን ያሳረፈው እሱ ነው። የንስሐ አባታችን በኋላ ሁሉንም ስነግራቸው "መድኃኒቱንም ጸበሉንም መውሰድ ይችል ነበር እኮ፣ ለምን አልነገርከኝም?" አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? ቅዳሜ ቅዳሜ እጃቸውን እየተሳለምኩ ለሁለት ዓመት ደብቄያቸዋለሁ።

የአርባው ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ አንዲት እናት ሰሃን ልታጥብ ወጥ ቤት ቀረች። ባለቤቴን በጆሮዋ "የኔም ልቡ አይደለም" አለቻት። የእሷ ልጅ ከእኛ ልጅ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የሞተው፣ እኛም ለቅሶ ደርሰን "ልቡ ነው" ተብለን አምነን ተመልሰናል። ልጆቹ ይተዋወቁ ነበር። ያኔ ብትነግረን ኖሮ ብዬ ተናደድኩባት፣ ከዚያ እኔስ ለማን ነገርኩ?

እኔ አሁን መኪናዬ ኪስ ውስጥ ሁለት ናርካን አለ፣ ቤት ሁለት፣ ሻወር ቤታችን ደግሞ ቁልፍ የለውም። ልጄ ጓደኞቿ ሲመጡ ይስቁብናል ትላለች፣ ይሳቁ።

ባለቤትሽ ትኬቱን ገና ካልገዛ መጀመሪያ ይደውልልኝ። ቁጥሬን ኢንቦክስ አደርግልሻለሁ። ወንድ ለወንድ እናወራለን፣ ቡና ከፈለገም ያለበት ድረስ እመጣለሁ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁሌም ነቅቼ ነው።