የአባቴ ደጋ፣ የእናቴ ቆላ

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ አርጎባ ናት። ልጆቻችን የሁለታችንንም ወገን እንዲወዱ የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅነቴን አስታወስከኝ። አባቴ የአንኮበር ክርስቲያን ነው፣ እናቴ የአልዩ አምባ አርጎባ፣ ሙስሊም። ከሁለቱ የቱን ትወዳለህ ካልከኝ፣ በመሃል ያለውን ቁልቁለት ነው የምልህ። ጠዋት አንኮበር ላይ ጋቢ ተከናንበህ ትነሳለህ፣ ጉሙ ከእግርህ ስር ነው፤ እየወረድክ ስትሄድ ገብሱ ይቀርና ማሽላው ይመጣል፣ ጋቢው ይወልቃል፣ ታች ስትደርስ ደግሞ የአያቴ ቡና ይሸትሃል።

አልዩ አምባ ተራ መንደር እንዳትመስልህ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ሳለች፣ ከሐረርና ከታጁራ ወደብ የመጡ ነጋዴዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኝ ነበር። ልጆችህ እዚያ እንግዳ አይደሉም!

ግን ለፎቶ ብቻ አትውሰዳቸው፣ ይደሩ። ገናን ካንተ ዘመዶች፣ ዒድን ከእናታቸው ወገን ጋር። ሥጋው ለምን ለየብቻ እንደሚታረድ መጠየቃቸው አይቀርም፣ እኔም ጠይቄያለሁ። እኛ ቤት የእናቴ ዘመዶች ሲመጡ አባቴ በጉን እንዲያርድ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራ ነበር፣ ሁልጊዜ፣ ማንም ሳያስታውሰው። ያን ማየቴ ከብዙ ምክር በልጦብኛል።

ደግሞ አርጎባ ሸማኔ ሥራ ላይ ካገኛችሁ አትቸኩሉ፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይዩ።