የስፌት መኪናው ላይ ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ?

ውድ ጠያቂያችን፣

የተቀበለሽ ኮሌጅ የፋሽንና ጨርቃ ጨርቅ ትምህርትን ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት፣ ተግባሩን በወርክሾፕ እንደሚሰጥ ጽፈሽልኛል። አባትሽ «ስፌት በስክሪን አይለመድም» ብለው ሒሳብ አያያዝ እንድትማሪ ይፈልጋሉ። አንቺም ቀጣሪ ቅይጥ ትምህርቱን ይንቅብኝ ይሆን ብለሽ ሰግተሻል፤ የኮምፒውተርሽ ማርጀትም አሳስቦሻል።

እኛ ስንማር የዚፕ አገጣጠም የሚታየው በአንድ መኪና ዙሪያ ተጋፍተን ነበር፤ ከኋላ የቆመ የሚያየው የመምህሯን ትከሻ ነው። ዛሬ ያንኑ በቪዲዮ እየመለሱ ማየት መቻል ትልቅ ጸጋ ነው። ጣትን ግን ቪዲዮ አያሠለጥንም። ከድሩ፣ ማለትም በጨርቁ ርዝመት ከሚሄደው ክር፣ ጋር 45 ዲግሪ አዝምመሽ የቆረጥሽው ጨርቅ እንዴት እንደሚለጠጥ የምታውቂው በእጅሽ ስትይዢው ነው። ባለ ሦስት አውታር የዲዛይን ሶፍትዌር እንኳ የጨርቁን ክብደት፣ አተጣጠፍና አለጣጠጥ ይጠይቅሻል። ጨርቅ ነክታ የማታውቅ ተማሪ ወፍራም ጂንስን እንደ ሐር ታወርደዋለች፤ ስክሪኑ ላይ ያምራል፣ ሲሰፋ ግን ደርቆ ይቆማል።

ስለዚህ ሳትመዘገቢ ጠይቂ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት መኪና ላይ እቀመጣለሁ? አንድ መኪና ለስንት ተማሪ ነው? በቤት የምለማመድበት የጨርቅ ናሙና ይሰጠኛል? የጨርቅን ዓይነት ለመለየት ሲቃጠል ጥጥ እንደ ወረቀት፣ ሱፍ እንደ ፀጉር እንደሚሸት ቤትሽ ሆነሽ ማንበብ ትችያለሽ፤ ማቃጠሉና ማሽተቱ ግን ከመምህር ጋር መሆን አለበት። በአካል የምትገኙበት ሰዓት በገለጻ የሚያልቅ ከሆነ ያንን ኮሌጅ ተዪው።

ቀጣሪን አትፍሪ። የፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበት ልክ የሚሠራበት፣ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ አመልካቾችን የምፈትነው እጅጌ በማስገጠም ነበር። የእጅጌው ራስ ከሚገጠምበት ዙሪያ ጥቂት ይረዝማል፤ ትርፉን ሳይሸበሽብ ያስገባ ሰው እንዴት እንደተማረ ጠይቄው አላውቅም። ምርጫ ከተሰጠሽም ፓተርን ሥራን ያዢ። ንድፍ የሚስል ሞልቷል፤ የተሳለውን ሰው እንዲለብሰው አድርጎ የሚቆርጥ ግን ይፈለጋል።

አባትሽ ስለ ስክሪኑ ያሉት እውነትነት አለው። በሒሳብ አያያዙ ግን አልስማማም፤ የማትወጂውን ትምህርት ጀምረሽ ብታቋርጪ የሚባክነው የእርሳቸው ገንዘብ ነው። ይህንኑ በአክብሮት፣ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው።

ለቪዲዮው አሮጌው ኮምፒውተር ይበቃሻል። ከባዱን ሶፍትዌር በኮሌጁ ኮምፒውተር ሥሪ፤ አዲስ ለመግዛት ብለሽ አትበደሪ።